ለኮረም የጎደሉት ሁለት ሰዎች

ለክቡር አቶ ሙሉሃብት
የገጠር መሸጋገሪያዎችና የመንደር ለመንደር ግንኙነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት፤ ማለትም ቢሮ ካሉ በቢሮዎ፣ ሥልጠና ላይ ካሉም በሥልጠናው አዳራሽ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከሚሽከረከረው የቢሮ ወንበር ጋር እንደተስማማ፣ ዓይንዎም ስልክዎን ከማየት ብዛት እንዳልደከመ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከሰንበሌጥ ወንዝ ማዶ የምንገኝ አመልካቾችዎ እርስዎን ከመናፈቅ በቀር ሌላ ሕመም የለብንም፤ እሱንም ቢሆን በቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጠን ስለለመድነው እንደ በሽታ መቁጠር ትተናል።

ስሜ ሰብሌ ወልደ ኪዳን ይባላል። ከወንዙ ማዶ በምትገኘው መንደራችን ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ፊደል ያወቅሁት ከዳዊት ጋር አብሬ ነው፤ አሥረኛ ክፍልም ደርሻለሁ። በዚህ ምክንያት የመንደሩ ማመልከቻ ሁሉ የሚጻፈው በእኔ እጅ ነው። ይህችን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩልዎ ደግሞ በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው እህቶቿ ከገቡበት መደርደሪያ መውጣት እንደማይወዱ ስላየሁ ነው። ቅሬታዬን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ምስጋናዬን፣ ተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቋንቋ ትምህርቱ።

ባለፈው ጥር ወር እኔና የመንደራችን ሽማግሌ አያ የሻው ጎርፍ የወሰደው ድልድያችን እንዲሠራልን ለመጠየቅ ቢሮዎ በመጣን ጊዜ፣ እግራችን ጭቃ መሆኑን ሳይጸየፉ ተቀብለውናል። አያ የሻውም ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጉዳያችንን ከሥሩ ነገሩዎት። እርስዎም ስልክዎን እየተመለከቱ እንዲህ አሉን፤

«ድልድይ ፐር ሴ አያስፈልጋችሁም እያልን አይደለም። ግን አድ ሆክ ኮሚቴ ይየው። እስከዚያው ስታተስ ኮ ይቀጥላል።»

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደራችን ሥራ አልፈታም። አያ የሻው ከቢሮዎ እንደወጡ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ፐርሴ ድልድይ የቱ ነው?» የሚል ነበር። እኔም እንደማላውቀው ነገርኳቸው። «እንግዲያው ተመልሰሽ ንገሪልኝ፤ እኛ ተራውም ይበቃናል» አሉ። ስታተስኮ ደግሞ የመሐንዲሱ ስም ነው ብለን ሁላችንም ተስማማን፤ «ይቀጥላል» ስለተባለም ሥራውን የጀመረ መስሎን ተደሰትን። የመንደሩ ሴቶች «አቶ ስታተስኮ ፈረንጅ ነው አበሻ?» እያሉ ሱቄ ድረስ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። ጥርና የካቲትን ሙሉ የሚመጣበትን መንገድ አየን። አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባርኔጣ አድርጋ ከማዶ ብቅ ስትል ስታተስኮ መጣ ተብሎ እልል ተብሏል።

ሁለተኛ፤ ማመልከቻችን ስለ መርዘሙ።

የአያ የሻው ልጅ ሙሉዬ አምና ነሐሴ ላይ ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ወንዙ ወረድን። ድልድዩን ጎርፉ የወሰደው በዚያው ሳምንት ነበር። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ አስቀምጠናት፣ ዝናቡን በጆንያ እየከለልንላት ጠበቅን። አባቷ እጇን ይዘው ነበር። እሷ «አባዬ፣ ጎደለ?» ትላለች፤ እሳቸው «እየጎደለ ነው ልጄ» ይላሉ። አልጎደለም ነበር። ሙሉዬ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

ይህን ሁሉ በማመልከቻው ላይ ጽፌው ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ሐሳቡ እንደተበታተነ ገልጾ በአንድ ገጽ እንዳሳጥረው ስላዘዘኝ አሳጠርኩት። ልጁ አንድ መስመር ወሰደ። ስለ አጻጻፍ ለሰጡኝ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ።

ሙሉዬ እንደገና ፀንሳ እንደነበር፣ የመውለጃዋም ጊዜ ሐምሌ እንደሆነ በዚያው ገጽ ግርጌ ላይ ነበረ። ምናልባት እስከ ግርጌው አልደረሱ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮረም።

ክቡር ሆይ፣ ትንሽ እንዲታገሡኝ የምለምንዎ እዚህ ላይ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አያ የሻውና እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ደጅ ልንጠና መጣን። ክረምቱ እየቀረበ ነበር። እርስዎም በዚያ ቀን ቸኩለው ስለነበር በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ቁልፍዎን እየፈለጉ መለሱልን።

«ጉዳያችሁ ያልታየው ኮረም ስላልሞላ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይጎድላል። ማክሰኞ ማክሰኞ እንሰበሰባለን፤ ኮረም ሲሞላ ይታያል።»

እኛም እጅ ነሥተን ወጣን። በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሰው ተሰበሰበ፤ የሰማነውንም አንድ ቃል ሳናጎድል ተናገርን። መንደሩ ግራ ተጋባ። አንዱ «ኮረም ከእኛ ድልድይ ጋር ምን አገናኘው?» አለ። ሌላው «እርዳታው በዚያ በኩል ይሆናላ የሚመጣው» አለ። ገና ያልታረቁ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ በዚያ ቀን አብረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ብሆን ተጠራጥሬ አልነበረም። የመንግሥት ሰው፣ ያውም ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው፣ የከተማን ስም በከንቱ ይጠራል ብዬ እንዴት ልገምት?

በመጨረሻ አያ የሻው ተነሡ።

«ምን ያከራክረናል? የጎደለው ሁለት ሰው ነው ብለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው አልጠፋ። ሁለታችን እንሂድና ይሙላ።»

መንደሩ መረቀን። ሙሉዬ ለአባቷ ስንቅ ቋጠረች፤ ጋቢያቸውን አጠበች። አያ የሻው ከዚያ በፊት ከወልድያ ወዲያ ሄደው አያውቁም፤ የመውጫችን ለት ግን እንደ ሙሽራ ታጥበው፣ ከእኔ ቀድመው መንገድ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከልጃቸው ጋር ሲሰነባበቱ «በሐምሌ በእግርሽ ነው የምትሻገሪው» ሲሏት ሰምቻለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባዎታል።

ጋሸና ላይ ከላሊበላው መኪና ወርደን ወደ ወልድያ የሚሄድ ስናፈላልግ፣ ምሳውን በልቶ እጁን የሚታጠብ ሐምዳን የሚባል የአይሱዙ ሾፌር አየንና ጠጋ አልነው።

«ወዴት ነው አባባ?» አለ።

«ኮረም ልጄ። ሁለት ሰው ጎድሎት ልንሞላ ነው።»

ሐምዳን ለቅሶ መስሎት መጀመሪያ አፉን ያዘ። ቀጥሎ ሠርግ መሰለው። አያ የሻው ነገሩን ሲያስረዱት «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ዘንድሮ መፈጠሩን አልሰማሁም፤ ግቡ» ብሎ ከጎኑ አስቀመጠን። የመሳፈሪያ ብንሰጠው አልቀበልም አለ።

ወልድያ መናኸሪያ ስንደርስ የሆነውን ግን እርስዎ በዓይንዎ ቢያዩት ደስ ባለኝ። ገና በሩን ሳናልፍ አንድ ረዳት በመኪና በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል።

«ኮረም! ኮረም! ሁለት ሰው! ኮረም ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረው!»

አያ የሻው ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። «ሰማሽ ሰብሌ? እስካሁን እኮ አልሞላም!» እንባቸው መጣ። በዱላቸው እየተደገፉ ሮጡ። ረዳቱም ሲያያቸው «ግቡ አባባ ግቡ፣ እናንተን እኮ ነው የምንጠብቀው!» አለ። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ በፊት በየትኛውም የመንግሥት ሆነ የግል ቦታ እንዲህ ብሎ የተቀበለን ሰው የለም። ልክ እንደተቀመጥን ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታና «ሞልቷል፣ ሳበው!» አለ።

አያ የሻው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሞላ አለ እኮ። ሥራው ካለቀ ለምን አንወርድም?»

እንዳይወርዱ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ ፊርማ ሳይኖር አይቀርም ብዬ።

ኮረም የገባነው በዝናብ ነው። ኮሚቴው የት እንደሚቀመጥ ያልጠየቅነው ሰው አልነበረም። አንዱ ወደ ቀበሌ መራን፤ ሌላው ወደ ዕድር ጽሕፈት ቤት፤ ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ወደሚያሠሩ ሰዎች ወሰደንና እነሱም በደስታ ተቀብለው የመዋጮ ካርኒ አወጡልን። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሲያልቅብን፣ ጋቢው ውሃ ጠጥቶ ከብዶ፣ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ምግብ ቤት ገባን።

ባለቤቷ ሰአዳ ትባላለች። የወገል ጤና ከተማ ተወላጅ ናት። «አረ ግቡ፣ ግቡ፣ በስብሳችሁ የለም እንዴ!» አለችና የአያ የሻውን ጋቢ ተቀብላ ከምድጃው አጠገብ ሰቀለች፤ የባሏን ካፖርት አምጥታ አለበሰቻቸው። ከላስታ መምጣታችንን ስትሰማ ሳንጠይቃት ሽሮ አቀረበችልን። ከዚያ ከፊታችን ተቀመጠችና ምን እግር እንደጣለን ጠየቀችን።

አያ የሻው ሁሉንም ነገሯት። ከጓዳ በኩል ልጇ ቶይባ ትሰማ ነበር። ቶይባ ሕግ የምትማር፣ ለእረፍት ቤተሰቧ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት። ሣቋ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የአያ የሻውን ፊት ስታይ ግን ወዲያው ተወችውና አጠገባቸው መጥታ በርከክ አለች።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ሰውዬው ከተማውን አይደለም ያሉት። ኮረም ማለት ስብሰባ ለመጀመር የግድ መገኘት ያለበት የሰው ብዛት ነው። ስሙ ተገጣጥሞ ነው። የላቲን ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ እኛ የመጣ።»

«ላቲን የምትባለው አገር በየት በኩል ናት?»

«አገር አይደለችም። የድሮ ሮማውያን ቋንቋ ነው። አሁን አፉን የፈታበት ሰው የለም፤ የሞተ ቋንቋ ይሉታል።»

«እኛን ታዲያ ከሞተ ሰው ጋር ምን አነካካን?» አሉ አያ የሻው።

እኔ በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኋት። «ምልዓተ ጉባኤ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ አባቴ ከመቃብራቸው ሆነው የታዘቡኝ መሰለኝ። ምልዓተ ጉባኤ ብለውን ቢሆን ኖሮ እኮ ከደጀ ሰላሙ ሳንነሣ እናውቀው ነበር። ቶይባም ቀሪዎቹን ቃላት ተራ በተራ ፈታችልኝ፤ አድ ሆክ «ለዚሁ ጉዳይ ብቻ»፣ ፐር ሴ «በራሱ»፣ ስታተስ ኮ «ነገሩ እንዳለ ይቆይ»። ለስታተስኮ ስንት ጊዜ ዳቦ እንደተጋገረለት ሳስታውስ አንገቴን ደፋሁ።

አያ የሻው ግን የያዙትን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሱት።

«ለሙሉዬ ምን እላታለሁ?» አሉ። «ሞልቼ እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ። ኮረም ማለት ሌላ ኖሯል ልበላት?»

ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ናቸው። ሰአዳ ተነሥታ ከገበታው አጠገብ ቆመች።

«አብሽሩ አባቴ» አለች። «የጎደለው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው እኮ። እናንተ ደግሞ መቀመጥ አያቅታችሁም።»

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱን ሊመልሱ ቢሉ ሰአዳ እምቢ አለች። አያ የሻውም መናኸሪያው በር ላይ ድንገት ቆሙ።

«ሰብሌ፣ ስብሰባው በምን ቀን ነው ያሉን?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ።»

«እንግዲያው የተሳሳትነው አገሩን ነው እንጂ ሥራውን አይደለም።»

አራተኛ፤ ስለ መልካም አቀባበልዎ።

በማክሰኞው ከሌሎቹ ቀድመን በስብሰባ አዳራሽዎ ተገኘን። ማንንም ላለማታለል ለራሳችን ቃል ገብተን ነበር፤ ደግሞም አላታለልንም። አባላቱ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ከየመሥሪያ ቤቱ በየሳምንቱ ሌላ ሌላ ሰው ስለሚላክ አንዳቸውም ሌላውን አያውቁም ነበር፤ እኛንም ሰላም ብለውን ተቀመጡ። አንዱማ አያ የሻውን «ጡረታ አልወጣህም እንዴ?» ብሎ በናፍቆት አቀፋቸው።

እርስዎ ገቡ። ሁለት ጊዜ አነጋግረውን የሚያውቁ ቢሆንም ሁለቱንም ጊዜ ዓይንዎ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር አልለዩንም፤ ለዚህም አልወቅስዎትም። የሰአዳ ባል ካፖርትም አያ የሻውን ቢያንስ የመምሪያ ኃላፊ አስመስሏቸው ነበር። ወደ እኛ ጠቁመው «እናንተ የማን ተወካዮች ናችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አያ የሻው ተነሥተው «የሰንበሌጥ ወንዝ» አሉ።

«ከተፋሰስ ናችሁ? ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ እርስዎ። ከዚያም በጣትዎ ቆጠሩንና ፊትዎ በራ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። «ዛሬ ኮረም ሞልቷል!» አሉ። አያ የሻው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ከእኔ ይልቅ ቃለ ጉባኤዎ ይናገራል። የሰንበሌጥ ድልድይ የመጀመሪያው አጀንዳ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ገመዱ፣ ጣውላውና ምስማሩ ለወራት በመጋዘን ተቀምጦ ዝገት ሊበላው እንደሆነ ተናገረ። እርስዎ «አስተያየት ያለው?» ሲሉ አያ የሻው እጃቸውን አወጡ፤

«ከዚያ ማዶ ሰው አለ። አውቃቸዋለሁ። ክረምት ሲመጣ ይጨነቃሉ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

«አጭርና ግልጽ!» አሉ እርስዎ፤ አመሰገኗቸው። ድምፅ ተሰጠ፤ የተቃወመ የለም። በማግስቱ ወደ ሥልጠና ስለሚሄዱ ዕቃው ከመጋዘን የሚወጣበትን ወረቀት እዚያው ፈረሙልን። አያ የሻው ከአዳራሹ ሲወጡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ይኸን ያህል ነበር እንዴ?» አሉኝ። «ይኸን ያህል ብቻ ነበር?» ጥያቄውን ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

የአይሱዙው ሾፌር ሐምዳን ለምነነው ጭነት አድርሶ ሲመለስ በእኛ በኩል ዞሮ ገመዱንና ጣውላውን መኪና እስከሚደርስበት አመጣልን፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በትከሻችን ተሸከምነው። ከሙጃ በኩል እንዲህ ያለ ድልድይ ሠርቶ የሚያውቅ ኢያቄም የሚባል ሰው መጥቶ መራን። ግንቦትን በሙሉ ተሠራ። ሴቶቹ ድንጋይ አቀበሉ፤ ያልታረቁት ጎረቤታሞች በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ቆመው ሲጎትቱ ዋሉና መኮራረፉ አልመች አላቸው። ሰኔ እንደገባ አያ የሻው የመጀመሪያው ሆነው ተሻገሩ፤ መሐል ሲደርሱም ቆመው ውሃውን ቁልቁል አዩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

አምስተኛ፤ ስለ መሻሪያው።

ከሥልጠና በተመለሱ ጊዜ ቃለ ጉባኤውን ማንበብዎን የሚያስረዳ ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ውሳኔው አባል ባልሆኑ ግለሰቦች ተሳትፎ የተላለፈ ስለሆነ ኢፕሶ ፋክቶ (ቶይባ በስልክ እንደፈታችልኝ «በዚያው በራሱ») ውድቅ ነው፤ ቦታውም ወደ ቀድሞ ሁኔታው እንዲመለስ ታዟል። ደብዳቤውን ያመጣው ተላላኪዎ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ውሃው ሞልቶ ነበር። አንብበነው ስናበቃ አያ የሻው ውሃ አጠጡትና «እንዴት መጣህ ልጄ?» አሉት። «በድልድዩ ነዋ» አለ። ስንስቅ እሱም ሳቀ፤ በምን እንደሳቅን ያወቀው ግን ደብዳቤው ለእሱም ከተነበበለት በኋላ ነው።

አያ የሻው ግን አልሳቁም። እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው።

«ቀድሞ የሚሉት የትኛውን ነው?» አሉ። «ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ከሆነ የልጅ ልጄም አብሮ ይመለስልኝ።»

ተላላኪዎም ቆቡን አውልቆ ቆየ። ሲመሽበት በመጣበት ተሻግሮ ሄደ።

ድልድዩን አላፈረስነውም። ለዚህ አለመታዘዝ የሚቀጣ ካለ ስሜ ከላይ በመጀመሪያው ገጽ ተጽፏል።

ሙሉዬን ሐምሌ ላይ ምጥ ያዛት። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰንበሌጥ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። አባቷ እንዳሉት በእግሯ አልሄደችም፤ በቃሬዛ ነው የተሻገረችው፤ ገመዱ ግን አልተነቃነቀም። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቃሬዛው መሐል ሲደርስ አያ የሻው ከፊት ሆነው «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን የሚጠበቅ የለም» ሲሏት ሰማሁ። ጤና ጣቢያ በሰላም ደረስን። ሴት ልጅ ወለደች፤ ድምፅዋ ከእናቷ አልጋ እስከ ግቢው በር የሚሰማ፣ ማንም ሰው «ሌላ ቀን ነይ» ቢላት የምትመለስ የማትመስል ልጅ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ምስጋናዬ ግን ይበልጣል። በአንድ ቃል አገር አሳይተውናል፤ ያለ እርስዎ አያ የሻው ከወልድያ ወዲያ ያለውን፣ እኔም የሰአዳን ሽሮ ሳናይ በቀረን ነበር። ቶይባ ዛሬም ትደውልልኛለች፤ በየሳምንቱ አንድ የላቲን ቃል ትፈታልኛለች። እኔም ለመንደሩ አካፍላለሁ፤ ከእንግዲህ ወደ ቢሮዎ የሚመጣ የእኛ ሰው የእርስዎን ንግግር በሩ ላይ ቆሞ ራሱ ለራሱ እንዲተረጉም ነው። እርስዎም እስከዚያው የእኛን አማርኛ በርትተው እንደሚያጠኑ እተማመናለሁ፤ ከባድ አይደለም፤ ገና በሕይወት ያለ ቋንቋ ስለሆነ የሚጠይቁት ሰው አያጡም።

ዘመንዎ የተባረከ፣ ስብሰባዎ የደመቀ፣ ሥልጠናዎ የማያልቅ ይሁን እያልኩ፣ ከወንዙ ማዶ ባሉት ነዋሪዎች ሁሉ ስም፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጭቃው በደረቀ እግሬ ቆሜ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ሰብሌ ወልደ ኪዳን
ከሰንበሌጥ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ለሳሙና ወደ ከተማ ወጥቼ ሳለ የጽሕፈት ቤትዎን የማስታወቂያ ሰሌዳ አየሁ። የዘንድሮ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ በሰንበሌጥ ወንዝ ሁለት ድልድይ ተሠርቶ ለአገልግሎት መብቃቱን የሚገልጽ መስመር በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ አነበብኩ። ውድቅ የተደረገው እንደገና መቆጠሩ አስደስቶናል። የሁለተኛውን ቦታ ግን ወንዙን ላይና ታች ሄደን ፈልገን አላገኘነውም። እባክዎ የት እንደሆነ ይንገሩን፤ በዚያም በኩል ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ የተቀመጠ ሰው ይኖር ይሆናል።